መቶ አርባ ሦስት ፊርማ

በመነጽር ቤቱ የሚሠሩት ሁሉ «ሚሊሜትር» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የሱቁ ባለቤት፣ የገዛ አባቷ ነው። ሰው ፊቷ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምታየው በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ነው። በዓይኗ ትገምታለች፣ ከዚያ ትለካለች፤ በግማሽ ሚሊሜትር ከተሳሳተች ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ይውላል። ስለዚህ ያን ዕለት ጠበቃዋ ቢሮ ውስጥ ወረቀቶቹን ሲያቀብሏት፣ ማንም ሳይጠይቃት መቁጠር ጀመረች።

ወረቀቶቹ የማረሚያ ቤቱ የጠያቂዎች መዝገብ፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት ቅጂ ነበሩ። አራት አምዶች አሏቸው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ዝምድና፣ ፊርማ።

አጠገቧ የተቀመጠው በያጁ ነው። ሥራው ብየዳ ስለሆነ ሰፈሩም እሷም በዚሁ ይጠሩታል። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሰው መጥቶ «የመጋዘኔ ቁልፍ ጠፋብኝ፣ በሩን ቁረጥልኝ» አለው፤ ቆረጠለት። መጋዘኑ የሰውየው አልነበረም። ሌባው ዕቃውን ይዞ ተሰወረ፤ በያጁ አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደበት። ስምንቱን ከታሰረ በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገቡን አይቶ «ለዚህ ጥፋት የሚገባው ከሁለት ዓመት አይበልጥም ነበር» ብሎ ለቀቀው። ከወጣ አምስት ወሩ ነው። አሁን ያለ አግባብ ለታሰረባቸው ስድስት ዓመታት ካሳ እየጠየቀ ነው።

«ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ» አሉ ጠበቃዋ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ። «እኔ ባሌ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቅሁትም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ! ምን ዋጋ አለው፣ ጉብዝናሽ ጎዳን።»

ሚሊሜትር ቀና አለች። «እንዴት?»

«ካሳ ከጠየቅንባቸው ነገሮች ዋናው ምንድን ነው? ሠርጋችሁ ሁለት ወር ሲቀረው መታሰሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወጥቶ ቤት መመሥረት ሲገባው ስድስት ዓመት መቅረቱ። የመንግሥት ነገረ ፈጅ ደግሞ ይህን መዝገብ ይዞ ይመጣና ‹ምን የፈረሰ ነገር አለ? እጮኛው መቶ ምናምን ጊዜ ጠይቃዋለች፣ ዛሬም አብራው ናት› ይላል።»

«መቶ አርባ ሦስት» አለች ሚሊሜትር።

ከላይ እስከ ታች፣ ዝምድና በሚለው አምድ ሥር፣ «እጮኛ» ይላል። መቶ አርባ ሦስት ጊዜ። ፊርማውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። በክብ ይጀምራል፣ ከዚያ ረጅም ጅራት ወደ ታች ይለቅና ጫፉ ላይ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። የሷ ፊርማ አይደለም። እሷ በዚያ መዝገብ ላይ አንድም ቀን ፈርማ አታውቅም።

ወደ በያጁ ዞረች። እሱ አውራ ጣቱ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ በሌላው አውራ ጣቱ ያሻል። ዓይኑን ከጠረጴዛው እግር አላነሣም።

«ያን ክፍል ሰርዙት» አለ።

«የቱን?» አሉ ጠበቃዋ።

«የትዳሩን። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ጤናዬ የጻፉት ይበቃል። እሱን ይተዉት።»

«ሰውዬ፣ ትኩሳት አለብህ? የአቤቱታህ ወገብ እኮ እሱ ነው!»

«ይተዉት አልኩዎት፣ በሞቴ።»

ጠበቃዋ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። «ፈርመህበት በጽሑፍ ካልሰጠኸኝ አንዲት ቃል አልሰርዝም። እስከ ችሎቱ ቀን ዐሥር ቀን አለህ፣ አስብበት።»

ሚሊሜትር ድምፁን ታውቀዋለች። ለራሱ ሲፈራ ይጮኻል። አሁን ግን ዝግ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃበት እንደሚጠነቀቅ ሆኖ ነበር የተናገረው። የሚጠነቀቅላት ሴት አለች ማለት ነው። «ይህ ፊርማ የእኔ አይደለም» ማለት ትችል ነበር። ወረቀቶቹን ግን ጫፍ ለጫፍ አስተካክላ ደረደረቻቸው። ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ምስጋናው ነበር፤ ሌላ ሴት በወደደችው ልክ እሷን «ጎበዝ» ማለታቸው።

*

ደረጃውን ወርደው መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ «ሻይ እንጠጣ?» አላት።

«ሥራ አለብኝ።»

«ተቆጣሽ እንዴ?»

«ለምን እቆጣለሁ? የሚያስቆጣ ነገር አለ?»

«የለም» አለ። ነገሩ እንዲህ ተዘጋ። ሁለቱም የሚያውቁትን ሳይናገሩ፣ አንዱ ሌላው እንዲጀምር እየጠበቀ፣ እስከ መታጠፊያው ጎን ለጎን ሄዱ።

ሴትዮዋ እንዳለች ሚሊሜትር ከሰባት ዓመት በፊት ሰምታ ነበር። በታሰረ በመጀመሪያው ወር ደብዳቤ ጻፈላት፦ «አትምጪ። እዚህ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈልግም። ስጠራሽ ትመጪያለሽ።» ሌላ ሴት ብትሆን ደብዳቤውን ቀዳ ጥላ በማግስቱ በሩ ላይ ትገኝ ነበር። ሚሊሜትር ግን የተጻፈን ነገር እንደ ተጻፈ የምትወስድ ሰው ናት። አትምጪ ካለ አትምጪ ነው፤ ስጠራሽ ካለ ይጠራታል። አሥራ ሦስት ወር ጠበቀች። በአሥራ አራተኛው አንጀቷ አልችል አለና ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ በሩ ላይ ቆመች። ዘቡ መዝገቡን ገልጦ በጣቱ ሲፈልግ ቆየና፣ «የማን እጮኛ? የሱ እጮኛ እኮ ገብታለች። አንድ እስረኛ ስንት እጮኛ አለው?» አለ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ከዘመድ ሌላ ለአንድ ታራሚ አንድ እጮኛ ብቻ ነበር የሚመዘገብለት።

ያን ቀን ለማንም አልተናገረችም። ከወጣ በኋላ መነጽር ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ «ዓይኔ ደከመ፣ ትመረምሪኛለሽ?» ሲላት፣ ዘቡ ስም ተሳስቶ ይሆናል ብላ ራሷን አሳመነች። አንድ ስህተት ይቅር ይባላል። መቶ አርባ ሦስት ጊዜ ግን ስህተት አይደለም።

በማግስቱ መሞረጃው ላይ ሁለት ሌንስ ሰበረች። ሦስተኛው ሲሰነጠቅ አባቷ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ አንገቱን አሰገገ።

«አንቺ ልጅ፣ ለበያጁ ካሳው ሲፈቀድለት ለእኔም የሌንሱን ይጨምርልኝ።»

«አባባ፣ ዛሬ ተወኝ።»

«እኔ ምን አልኩ? የሰው በር በእሳት የሚቆርጥ ሰው የኔን ሌንስ ቢያሰብር ምን ይገርማል?» ብሎ ሳቀ። ሳቋን ሲያጣ ተጠግቶ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካስለቀሰሽ ንገሪኝ። ድሮም ልቤ አልወደደውም፤ ከኛ ቤት የሚገባ ሰው አይደለም።»

«አላስለቀሰኝም» አለች። እውነቷን ነበር። ቅናት አያስለቅስም፤ ዓይን ያደርቃል።

ከሰዓት በኋላ ጠበቃዋ ዘንድ ተመልሳ «መዝገቡን በቀን ቅደም ተከተል ልደርድርልዎ» አለች። ጠበቃዋ ደስ ብሏቸው ሙሉውን ማኅደር ሰጧት። ጠበቃዋ ሳያነቡት ያለፉት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምትፈልገው ተጽፏል፦ የእጮኛ ስም፣ ሥራ ልብስ ሰፊ፣ የሱቁ አድራሻ። ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚያምር ስም ሆኖባት ተናደደች።

*

ልብስ ስፌቱ ቤት ጠባብና ረጅም ነው። ስድስት ሴቶች በስድስት መኪና ላይ አጎንብሰው ይሰፋሉ። በግድግዳው ጥግ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ሚሊሜትር በክንዷ አንድ ጉርድ ቀሚስ ይዛለች። ለጉርዱ ምንም አልጎደለውም።

ልብስ ሰፊዋ ከመጨረሻው ጠረጴዛ ተነሥታ መጣች። አንገቷ ላይ ሜትር፣ ከንፈሮቿ መካከል አራት እስፒሎች አሉ። አርባ ሊሞላት ምን ያህል ይቀራታል? ቆንጆ ብትሆን ሚሊሜትር ትጠላት ነበር፤ መልከ ጥፉ ብትሆን ደግሞ የባሰ ነበር፣ ከመልክ ሌላ ምን አይቶባት ነው ማለት ይመጣልና። እሷ ግን ሁለቱንም አልነበረችም። ደከም ያለ ፊት፣ ልቅም ያለ ዓይን። የብሌኖቿ ርቀት ስልሳ አንድ ተኩል፣ ብላ ገመተች።

«ወገቡን እንዲያጠቡልኝ ነበር» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ጉርዱን በላይዋ ላይ አስደግፋ በሜትር ዞረቻት። እስፒሎቹ ከአፏ ሳይወጡ፣ «ይህ ልክሽ ነው፣ እህቴ። ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም። ምኑን ላጥብበው?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ፊቷን አየች። አይታም ቆየች። ከዚያ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ክንዷ ላይ ባሰረችው የመርፌ መሰኪያ ላይ ሰካቻቸው።

«ያን ጊዜ ግራጫ ካፖርት ለብሰሽ ነበር» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«በሩ ላይ። ዘቡ ሲስቅብሽ እኔ ተፈትሼ ገብቼ፣ ከውስጠኛው በር አጠገብ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አየሁሽ።»

ሚሊሜትር አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «አይተሽኝ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«በእኔ ቦታ ገብተሽ! እኔን ውጭ አስቁመሽ!»

የቅርቦቹ ሁለት መኪናዎች ጸጥ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ሳትዞር፣ «ሥፉ፣ ሥፉ፣ የሚታይ ነገር የለም» አለቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ ከሱ ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚያድረው። ስልክ ተይዞበት አንድ ዓመት ከጠያቂ ታገደ። በያጁ ‹የእኔ እጮኛ አትመጣም፣ ቦታው ባዶ ነው፣ በሱ ግቢና የወንድምሽን መልእክት እኔ አደርሳለሁ› ብሎ ላከብኝ። ያን ቀን ‹የሱ እጮኛ ያቻት፣ አስገቧት› ብል ውሸቴ ይወጣል፤ በወንድሜም ላይ ቅጣት ይጨምሩበታል። ዓመቱ ሲያልቅ ልነግረው አስቤ ነበር።»

«ወንድምሽ አሁንም እዚያ ነው?»

«የለም። በሦስተኛው ዓመት ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት አዛወሩት።»

ሚሊሜትር በልቧ ቀኖቹን ደረደረች። ለመደርደር አልቸገራትም፣ ሁሉንም በቃሏ ይዛቸዋለች። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ያሉት ፊርማዎች ከመቶ ይበልጣሉ።

«ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ ማንን ነበር የምትጠይቂው?»

ልብስ ሰፊዋ ጉርዱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ደግማ ዘረጋችው። ደግማ አጠፈችው።

«እሱ አያውቅም» አለች በመጨረሻ። «እንዲያውቅም አላደረግሁም። ሲያወራልኝ የኖረው ስለ አንቺ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ስለ ሌላ ሴት ሰምቼ ነው የምመለሰው። ሌንስ፣ እመኚኝ፣ መሞረድ እችላለሁ። ስትናደጂ ማስመሪያሽን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ እንደምታደርጊ አውቃለሁ። ያልነገረኝ ፊትሽን ብቻ ነበር። እሱንም በዚያ በር ላይ አይቼዋለሁ።»

«እና ዝም አልሽ፣ ቀንተሽብኝ።»

«ያን ቀን ስለ ወንድሜ ነበር። በኋላ ግን፣ አዎ፣ ቀናሁብሽ። አንቺስ? ወገብ ለማጥበብ ነው የመጣሽው?»

ሚሊሜትር ዓይኗን ከሷ ለማራቅ ወደ ጨርቁ ክምር ዞረች። ልብስ ሰፊዋ አየቻት።

«እሱ የማረሚያ ቤቱ ጨርቅ ነው። የታራሚውን ልብስ የምንሰፋው እኛ ነን። በበሩ በውሸት ስገባ መኖሬ ከታወቀ ሥራውን ይወስዱብናል። በያጁ ይህን ያውቃል፤ ‹የትዳሩን ነገር ተዉት› ብሎ እንደሆነ ለዚህ ነው። ሌላ እንዳይመስልሽ።»

ይህን ያለችው ለበጎ ብላ ነበር። ሚሊሜትር ግን ጉርዷን አንሥታ ስትወጣ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህች ሴት እሱ ምን እንዳለ ሳይነግራት ታውቃለች።

*

ችሎቱ አንድ ቀን ሲቀረው ብየዳ ቤቱ ሄደች። የመስኮት ብረት እየበየደ ነበር። እሳቱን በባዶ ዓይን ማየት ስለማይገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠበቀች። ፍንጣሪው ጸጥ ሲል ዞረች። ጭምብሉን ወደ ላይ ገልጦ ያያታል፤ ላብ በጉንጩ ላይ ጥቀርሻውን ሰንጥቆ ወርዷል።

«መጥቼ ነበር» አለች።

«የት?»

«እዚያ። በአሥራ አራተኛው ወር፣ እሑድ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ። ‹እጮኛው ገብታለች› አሉኝና ተመለስኩ።»

በያጁ የብየዳ መያዣውን ለማስቀመጥ ቦታ ፈልጎ ያጣ ይመስል እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ባልቀዘቀዘው ብረት አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አልመጣሽም ብዬ ነበር እኮ የኖርኩት» አለ። «ስምንት ዓመት።»

«አትምጪ ብለህ ጽፈህልኝ!»

«ጻፍኩ።»

«ታዲያ?»

«አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ማስመሪያ? እኔ አትምጪ ያልኩት እንድትመጪ ነበር!»

«እንደዚያ ብለህ አትጽፍም ነበር?»

«ማን እንደዚያ ብሎ ይጽፋል? ‹አትምጪ ስልሽ ነዪ› ተብሎ ይጻፋል?»

ልትቀመጥ ጎንበስ አለች፤ ግን የመጣችበት ነገር ገና አልወጣላትም። «እሷ ግን መጣችልህ» አለች።

«መጣች።» ጭምብሉን ከራሱ አውልቆ በጉልበቱ ላይ አደረገው። «ስሚኝ። በየሁለት ሳምንቱ ድምፅ ማጉያው ስሜን ይጠራና ‹እጮኛህ መጥታለች› ይላል። ከክፍሌ እስከ መጠየቂያው ሰማንያ ሁለት እርምጃ ነው። እሷ መሆኗን እያወቅሁ፣ ሰማንያ ሁለቱን እርምጃ አንቺ ነሽ እያልኩ ነበር የምሄደው። አንድም ቀን ሳላስቀር።»

«ስትደርስስ? እሷን ስታይ ደስ አይልህም ነበር?»

ቢዋሽ ታምነው ነበር። መዋሸት ግን አልሆነለትም።

«ይለኝ ነበር» አለ። «የሰው ፊት ነዋ። ለምን እዋሽሻለሁ? ውለታ አለብኝ።»

ከዚያች ቅጽበት በፊት ቅናት የምታውቅ መስሏት ነበር። ይዛ የመጣችውን፣ ለመጨረሻ ያስቀመጠችውን ወረወረች።

«እንዳየችኝ ነግራሃለች? ከውስጥ ሆና እያየችኝ፣ ማን እንደሆንኩ እያወቀች፣ ዝም ማለቷን ነግራሃለች?»

ፊቱ ሲለወጥ አየች። ያ ሲሆን ምላሷ ላይ የሚጣፍጥ ነገር ጠብቃ ነበር። ከንፈሩ ሲነጣ፣ ትከሻው ሲወርድ ግን ያገኘችው ጣዕም የለም። ቀስ ብሎ፣ «ወንድሟ ነበር እኮ» አለ። «ምን ታድርግ?»

አሁንም ይከላከልላታል! «ነገ ችሎት ላይ እናገራለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እጮኛህ ማን እንደሆነች፣ ማን እንዳልሆነች። ካሳህንም ታገኛለህ።»

«አታድርጊው። ስድስት ሴቶች እንጀራቸውን ያጣሉ።»

«ለአንተ ብዬ ነው!»

በያጁ ቀና ብሎ አያት፤ ያለ ቁጣ፣ ብየዳው ይዟል አልያዘም ብሎ ስፌቱን እንደሚመረምር።

«አይደለም» አላት። «ለእኔ ብለሽ አይደለም።»

ወጣች። መንገዱን ሁሉ መልስ ስትፈልግ ሄደች፤ ቤቷ በር ላይ ስትደርስም እውነቱን መናገሩ ነበር ያሳፈራት።

*

ጠዋት የችሎቱ አዳራሽ ውስጥ በያጁ የተፈረመ ወረቀት ይዞ ወደ ጠበቃዋ ተጠጋ። «የትዳሩን ክፍል እንዲሰርዙት ነው» አለ።

«መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ፣ ማንበብ አልችልም» አሉ ጠበቃዋ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። ወረቀቱን ሳያዩት በቦርሳቸው ከተቱት፤ ወዲያው ሦስቱ ዳኞች ገቡና ሁሉም ተነሣ።

ሚሊሜትር ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሌሊቱን በቃሏ የያዘችው ንግግር አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀጥታ፣ ስህተት የሌለበት ንግግር ነበር፤ ልብስ ሰፊዋን ከሥሯ የሚነቅላት። ልትናገረው ነው ወይስ ልትውጠው? እስካሁን አልወሰነችም። ማንም ከመጠየቁ በፊት ግን ነገረ ፈጁ ተነሣና መዝገቡን ከፍ አድርጎ አሳየ። መቶ አርባ ሦስቱን ፊርማ አነበበ። ከዚያ የፈራሚዋን ቃል ዳኞቹ እንዲሰሙለት ጠየቀ። መጥሪያ ልኮላት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ከጎን በር ገባች። ሰማያዊ ኮት ለብሳለች፣ ጸጉሯን አስራለች። ወደ በያጁ አላየችም። ምላ የምስክሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የአመልካቹ እጮኛ ነዎት?» አለ ነገረ ፈጁ።

«አይደለሁም።»

ነገረ ፈጁ ጥያቄውን ያልሰማች መስሎት ደገመላት።

«ሰምቼዎታለሁ» አለች። «አንድም ቀን እጮኛው ሆኜ አላውቅም። በውሸት ነው የፈረምኩት።»

ሰብሳቢዋ ዳኛ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የሚሉት ነገር ሊያስጠይቅዎ እንደሚችል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። የምሰፋው የነሱን ልብስ ስለሆነ ምን እንደማጣም አውቃለሁ።» ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፦ ወንድሟን፣ እገዳውን፣ ባዶውን ቦታ። በያጁ ሊነሣ ሲል ጠበቃዋ እጅጌውን ይዘው መልሰው አስቀመጡት። «እጮኛው አንድ ቀን መጥታ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቦታዋን ስለያዝኩባት በር ላይ መለሷት። አይቻት ዝም አልኩ። ያቺን አንዲት ቀን የወሰድኩበት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበለኝ። የቀሩትን ስድስት ዓመታት ግን እኔ አልወሰድኩም።»

ነገረ ፈጁ ተስፋ ሳይቆርጥ አንድ እርምጃ ተጠጋ።

«ወንድምዎ ከተዛወረ በኋላስ? ምንም ካልሆነ፣ አምስት ዓመት ምን ሲያደርጉ ተመላለሱ?»

ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ለዚያ ነገር መዝገቡ ላይ ቦታ አልነበረውም፣ ጌታዬ። ዛሬም አይኑረው።»

ነገረ ፈጁ ማኅደሩን ዘጋ።

ሚሊሜትር በያጁን ተመለከተች። ልብስ ሰፊዋን እያየ ነበር፤ ዓይኑ ሞልቶ። አሁን ገና የገባው መሆኑን ከፊቱ አነበበች። ተናግራ ልትሰጠው ያሰበችው ነገር ሁሉ፣ አሥራ አንዱም ዓረፍተ ነገር፣ ቀድሟት ተሰጥቷል፤ ያውም ያለ መርዝ፣ ከራስ ተቆርጦ። በመቶ አርባ ሦስቱ ጉብኝት ብትቀና አንድ ነገር ነበር። ይህን ግን፣ ይህን እሷ ማድረግ ነበረባት። አሁን የምትቀናው በወሰደችባት ነገር አልነበረም። በሰጠችው ነበር።

«በር ላይ ተመልሳለች የተባለችው እዚህ አለች?» አሉ ሰብሳቢዋ ዳኛ።

ተነሣች። በወንበሮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ስለነበረ ሁለቱ ሴቶች መሀል ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ልብስ ሰፊዋ አለፍ ልትል ዘንበል አለችና ቆመች። እጇ በልማድ ወደ ሚሊሜትር አንገት ተነሣ፤ የታጠፈውን ኮሌታ ገልብጣ አቃናችላት።

«እንዲህ ሆነሽ አትቅረቢ» አለቻት በሹክሹክታ፣ እንደ ታላቅ እህት። «እሱ እያየሽ ነው።»

ሚሊሜትር አመሰግናለሁ አላለችም። እጇንም አልመታችም። አለፈችና ተቀመጠች። ወንበሩ ገና የሌላይቱ ሙቀት ነበረበት።

«ከአመልካቹ ጋር ያለዎት ዝምድና?» አሉ ዳኛዋ።

በያጁ አሁን ወደ እሷ ዞሯል። ጉንጩ እንደ ረጠበ ነው፤ ያረጠበው ለማን የወረደ እንባ እንደሆነ፣ ምን ያህሉ ለሷ ምን ያህሉ ለዚያች እንደሆነ የሚለካ መሣሪያ በዓለም ላይ የለም። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትለካ ተናገረች።

«እጮኛው ነኝ» አለች፤ ከዚያ በዚያው ሙቀት ላይ ተቀምጣ፣ የቀረውን ጥያቄ ሁሉ እየቀናች መለሰች።